ስለ አንድ ስክሪንና ስለ ሰባት ዓርቦች

ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ እንደሻው ገብረ ማርያም
የላይኛው ሰፈር የወጣቶች ማዕከል ኃላፊ
አሰላ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ፀሐይ በተረሳችበት በዚህ ክረምት ብርዱ ወገብዎን እንዳልያዘዎት፣ በቢሮዎ ያለችው ማሞቂያ መብራት በመጣ ቁጥር ሳትለግም እንደምታገለግልዎ፣ ቤተሰብዎም በሙሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። ደህና አለመሆናችን በማዕከሉ የዓመቱ ሪፖርት ላይ ስላልተጻፈ ደህና ነን ማለት ይሻላል።

ራሴን ማስተዋወቅ ይገባኛል፤ ምክንያቱም ከሐምሌ ወዲህ አራት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ አራቱንም ጊዜ ማንነቴንም ጉዳዬንም ሳልናገር ተመልሻለሁ። «ምን ፈለግሽ የኔ ልጅ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔም «ምንም» ብዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ጊዜ ብርጭቆ ልሰበስብ የመጣሁ መስሎዎት የሻይ ብርጭቆዎን ዘረጉልኝ፤ ተቀብዬ አጥቤ መለስኩልዎ። ስለ ሰጡኝ ኃላፊነት አመሰግናለሁ።

ሮሐ ገብረ መድህን እባላለሁ። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቁሜያለሁ። የማዕከሉ የጽዳት ሠራተኛ የወይዘሮ ተሻለች ልጅ ነኝ፤ እናቴን ጉልበቷን ሲያማት አዳራሹንና የኮምፒውተር ክፍሉን የምወለውለው እኔ ነኝ። በመዋቅሩ ውስጥ የለሁም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የጻፈችው ማን ናት ተብሎ በሠራተኛ መዝገብ ቢፈለግ አልገኝም። በአፌ መናገር ስላቃተኝ በእጄ በሦስት ቅጂ ጽፌዋለሁ፤ አንዱን በማዕከሉ በር፣ አንዱን በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ፣ አንዱን በባጃጅ ተራው ላይ ለጥፌያለሁ። ከእርስዎ ቀድሞ የሰፈሩ ሰው ካነበበው ይቅርታዎን እለምናለሁ። ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ኮምፒውተሮቹን ስላልነኩልን አመሰግናለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጡት ዐሥሩ ኮምፒውተሮች ሪባን ተቆርጦላቸው በክብር ከተመረቁ በኋላ በማግሥቱ ጨርቅ ለብሰው ተቀመጡ። ምክንያቱም ሲከፈቱ የሚመጣው ሰው ሁሉ የለመደው ዊንዶውስ አልነበረም። ሊኑክስ የሚባለው፣ ማንም በነፃ የሚወስደው፣ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ውስጡን ከፍቶ እንደ ፈለገ የሚያስተካክለው ሥርዓት ነበር። እርስዎ ከደጃፉ ቆመው «ነፃ የተሰጠ ነገር መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል?» ማለትዎን እናቴ ነግራኛለች። ይህች አንዲት ንግግርዎ ለእኔ ትምህርት ቤት ሆነችልኝ። ክፍሉን የሚፈልግ ሰው ጠፋ፤ ወልውዬ ስጨርስም ውጪ የሚለኝ አልነበረም።

ከጎጃም ተመድበው የመጡት መምህር ይበልጣል ብቻ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ወንበር ሳቡልኝና «ነይ ተቀመጪ፤ ይኼ እንደ ሰው አይደለም፤ ጮክ በይ አይልሽም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ ይጻፋል፤ ትእዛዙ ከተሳሳተ ማሽኑ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ይናገራል፤ አይቆጣም፣ አይስቅም፣ ሌላ ሰው ጠርቶ አያሳይም። እስከዚያን ቀን ድረስ እንዲህ ያለ የሚያነጋግረኝ አላገኘሁም ነበር።

2ኛ. ሰርቨር ምን እንደሆነ ስላልጠየቁኝ አመሰግናለሁ፤ ብጠየቅ መመለስ አልችልም ነበር። አሁን ግን በጽሑፍ ልመልስ።

ብዙ ሰው በአንድነት የሚጫወተው የኮምፒውተር ጨዋታ የጋራ ቦታ ይፈልጋል። ያንን ቦታ ይዞ የሚቆየው፣ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ የሚመዘግበው፣ ተጫዋቹ ሁሉ ሲተኛ የማይተኛው ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል። የእኛ ጨዋታ አፈር፣ ድንጋይና እንጨት የሚመስሉ ኩቦችን እየደረደሩ ቤትና መንገድ የሚሠሩበት ነው፤ እርሱም እንደ ሊኑክሱ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ በእርስዎ ሚዛን ሁለት ጊዜ ዋጋ ቢስ ነው።

ጨዋታውን መጫን አንድ መስመር ትእዛዝ ነበር። ማስኬዱ ግን ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። የከፈትኩትን መስኮት ስዘጋው ጨዋታውም አብሮ ይጠፋ ነበር፤ ስለዚህ መስኮቱን ክፍት ትቼ በላዩ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፌ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። መምህር ይበልጣል ይህን አይተው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና «አንቺ እንደ ዘበኛ ቆመሽ ልትጠብቂው ነው እንዴ? ራሱ ተነሥቶ እንዲሠራ አድርጊው እንጂ» አሉኝ። ማሽኑ ሲነሣ ጨዋታው ማንም ሳያዘው አብሮ እንዲነሣ የሚያደርገውን ትንሽ ፋይል መጻፍ ተማርኩ። አንዲት ምልክት ስለ ዘለልኩ ሁለት ቀን እምቢ አለኝ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ ብቻውን ተነሣ፤ ጨዋታውም ተነሣ፤ እኔ ደግሞ የምሆነው ጠፍቶኝ የወለወልኩትን ወለል እንደገና ወለወልኩት።

የመጀመሪያዋ እንግዳ ለሊሴ ነበረች።

3ኛ. ለሊሴን ስለማያውቋት አመሰግናለሁ፤ ቢያውቋት ኖሮ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ይከብድዎ ነበር።

ለሊሴ የጎረቤታችን የአዴ ፈይሩዛ ልጅ ናት፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ መናገር የማልችለውን ሁሉ እርሷ ትናገርልኝ ነበር፤ ሱቅ ስንሄድ የእኔን ሳሙና እንኳ የምትጠይቀው እርሷ ነበረች። በጨዋታው ውስጥ ግን ተራው የእኔ ነበር፤ በጽሑፍ ስለሆነ እርሷ እስክትስቅብኝ ድረስ አወራ ነበር። በ2016 ጥር ወር ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ሄደች። ፓስፖርቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው ይላል፤ ፓስፖርት የመንግሥት ወረቀት ስለሆነ አልተከራከርነውም።

ከመሄዷ በፊት መምህር ይበልጣል አንድ ነገር አደረጉልን። የማዕከሉ የኢንተርኔት መስመር እንደ ቤት ስልክ የማይለዋወጥ የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ያወቀ ሰው የትም አገር ሆኖ የእኛን ሰርቨር ማንኳኳት እንዲችል በሩን ከፈቱልን። ለሊሴ ቁጥሩን በቃሏ አጠናችው። እጇ ላይ ልትጽፈው ስትል «ይታጠባል» ብዬ ከለከልኳት፤ በሕይወቴ ከሰጠሁት ምክር ሁሉ የሚያኮራኝ ይህ ነው። መምህር ይበልጣልም በዓመቱ ወደ አገራቸው ተዛወሩ።

ለሊሴ በሄደች በሦስተኛው ወር አሠሪዎቿ ስልኳን ቀሟት። አምስት ሳምንት ድምፅዋ ጠፋ። አዴ ፈይሩዛ ድንች ተራ መቀመጡን ትተው ደላላውን ሲፈልጉ ዋሉ፤ ደላላው አቦምሳ ነው ሲባል ሄዱ፤ ዴራ ነው ሲባል ሄዱ። በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ መወልወያዬን ይዤ ቆሜ ሳለ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ «ለሊሴ ገባች» የሚል መስመር መጣ።

በቤቱ ውስጥ የስምንት ዓመት ልጅ አለች። ታብሌት አላት፤ ሲም ካርድ የለውም፤ ወላጆቿም ከጨዋታ በቀር ሌላውን ሁሉ ዘግተውባታል። ዓርብ ከምሳ በኋላ ትልልቆቹ ሲተኙ ልጅቷ ብቻዋን መጫወት ስለሚሰለቻት ለሊሴን ትጠራታለች። ለሊሴም ያንን ቁጥር አስገባች። ታብሌቱ ላይ የአማርኛ ፊደል ስለሌለ በኦሮምኛ እንጻጻፋለን፤ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ይጻፋልና። እኔ «ጅርታ?» ብዬ አለሽ ወይ እላታለሁ፤ እርሷ «ነን ጅራ» ብላ አለሁ ትለኛለች። ከዚያ በላይ ብዙ ጊዜ የላትም።

አዴ ፈይሩዛ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ እናትና ልጅ በምልክት ተስማሙ። ለሊሴ በጨዋታው ውስጥ ያለችውን ትንሿን ምስሏን ሦስት ጊዜ ካዘለለቻት ጤና ናት፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ ታማለች፤ አንድ ጊዜ ከሆነ ክፉ ነገር አለ። ከዓመት በላይ ዓርብ በመጣ ቁጥር ሦስት ጊዜ ትዘል ነበር። አዴ ፈይሩዛ የተቀመጡበትን ኮምፒውተር ስክሪን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ «ትዋሻለች» ይሉ ነበር፤ «ትዋሽ፤ ብቻ ትዝለል።»

4ኛ. ባለፈው ጥቅምት የሰርቨሩን ስክሪን ወደ ቢሮዎ ስላስወሰዱልኝ አመሰግናለሁ።

«ይቺን ትልቋን አምጪልኝ፤ ሪፖርቱ በትንሿ አይታየኝም» ብለው እናቴን አዘዟት። እርሷ ስክሪኑን አቅፋ፣ እኔ ገመዱን ይዤ ተከትያት ቢሮዎ አስገባንልዎ። ንብረት ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወር የሚሞላው ሞዴል አልተሞላም፤ በእርስዎና በማዕከሉ መካከል ወረቀት አያስፈልግማ። ሰርቨሩም አልተጎዳም። ሰርቨር ስክሪን አያስፈልገውም፤ ከሌላው ኮምፒውተር ላይ ሆኜ አዘዋለሁ፤ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል። መብራት ከጠፋበት ዓርብ በቀር አንድም ዓርብ አምልጦት አያውቅም። ሪፖርቶቹም በትልቁ ስክሪን ጥርት ብለው እንደሚታዩዎ እናምናለን፤ በተለይ ቅዳሜና እሑድ የሚመጡት፣ ጎል ሲገባ እስከ ወፍጮ ቤቱ የሚሰሙት ሪፖርቶች።

5ኛ. የንብረት ቆጠራ ኮሚቴውን ስለ ላኩልን አመሰግናለሁ።

ሐምሌ 2 ቀን ረቡዕ ሦስት ሰዎች መጡ፤ ከንብረት ክፍል አቶ አሰግድ፣ ከሒሳብ ክፍል ወይዘሮ ሰሎሜ፣ ከወጣቶች ደግሞ ኢብሳ። መዝገቡ ዐሥር ኮምፒውተር ከነዐሥር ስክሪናቸው ይላል። ቢቆጥሩ ኮምፒውተሩ ዐሥር፣ ስክሪኑ ዘጠኝ ሆነ። ደግመው ቆጠሩ፤ ስክሪን በቆጠራ ብዛት የሚወለድ አልሆነም። አቶ አሰግድ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው ሰርቨሩን አገኙት።

«የዚህስ ስክሪን የታለ?» አሉ። ኢብሳ «ኧረ ጋሼ፣ በርቷል እኮ፤ ድምፅ አለው» ቢላቸው «ስክሪን የሌለው ኮምፒውተር ምን ሊሠራ ይበራል? ባዶውን ነው የሚጮኸው» ብለው በቅጹ ላይ «አገልግሎት የማይሰጥ» ብለው ጻፉበት። ቀጥለው ወደ እናቴ ዞሩና «ወይዘሮ ተሻለች፣ ይቺ ስክሪን የት ገባች?» አሏት። እናቴ ያንን ስክሪን በየጠዋቱ በቢሮዎ ውስጥ አቧራውን የምታራግፈው ራሷ ናት። «እኔ ምን አውቄ» አለች። ለምን እንዲህ እንዳለች እርስዎም ያውቃሉ፤ የጽዳት ሠራተኛ የሥራ ውል በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ በእርስዎ ፊርማ ይታደሳል።

እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ቢሮዎ ከክፍሉ በር ዐሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ወለሉን ስለማውቀው እርምጃውንም አውቀዋለሁ። «ኃላፊው ቢሮ ናት» ማለት ሦስት ቃል ነው። ሦስቱም ጉሮሮዬ ድረስ መጥተው ነበር። አቶ አሰግድ ሶኬቱን ሲነቅሉት የማሽኑ ማራገቢያ ቀስ እያለ ሲያቆም ሰማሁት፤ ያን ጊዜም አልተናገርኩም። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ እርስዎን ብቻ የማመሰግን መስሎ እንዳይታይ ይህን ጨምሬ ጻፍኩ። ከምስጋናው ለእኔ የሚደርሰውን ድርሻ እኔው ወስጃለሁ።

የዘጠኙንም ሶኬት ነቃቅለው፣ በሩን ቆልፈው፣ «ጉድለቱ እስኪጣራ ድረስ ታሽጓል» የሚል ወረቀት በሦስት ፊርማና በማኅተም ለጠፉበት። ያልነቀሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኢንተርኔት መስመሩን ሳጥን። የቢሮዎ ዋይፋይ ከእርሷ ነዋ። እስከ ዛሬ በመስኮቱ መስታወት ሳይ አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሰርቨሩ አጠገቧ ጨልሞ ተቀምጧል። ቁጥሩ አለ፤ በሩ አለ፤ የሚከፍት የለም።

6ኛ. በማግሥቱ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ስለ ቀየሩ አመሰግናለሁ። በሰው ኮምፒውተር እንኳ በዚያ መስመር እንዳንገባ ሆነናል፤ ጥንቃቄ መልካም ነው።

7ኛ. ጉድለቱ በዝግታ እየተጣራ ስለሆነ አመሰግናለሁ። ችኮላ ስሕተት ያመጣል።

ለምን እንደምቸኩል ግን ልንገርዎ። ክፍሉ ከመታሸጉ በፊት የነበረው የመጨረሻው ዓርብ ሰኔ 27 ነበር። ለሊሴ ገባችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ልጅቷን ለትምህርት ወደ ሌላ አገር ሊወስዷት ነው። እኔን ለሌላ ቤት ሊሰጡኝ ነው፤ በሌላ ከተማ። የሰውየውንና የከተማውን ስም በልጅቷ አስጽፌ በሚመጣው ዓርብ እሰጥሻለሁ።» ያለችበትን ቤት አድራሻ እስከዚያ ድረስ አናውቅም ነበር፤ እርሷም የምታውቀው በኩሽናው መስኮት የምታየውን ያህል ነው። ይህን ለአዴ ፈይሩዛ እያነበብኩላቸው ሳለ የለሊሴ ትንሿ ምስል ከእናቷ ስክሪን ፊት መጥታ ቆመች። አንድ ጊዜ ዘለለች። ጠበቅን። ከዚያ መዝገቡ «ለሊሴ ወጣች» አለ።

«ቆጠርሽ?» አሉኝ አዴ ፈይሩዛ።

«ቆጠርኩ» አልኳቸው።

የሚመጣው ዓርብ ሐምሌ 4 ነበር። ክፍሉ የታሸገው ሐምሌ 2 ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓርብ አልፏል። ምን ማድረግ እንደምችል ሁሉ አስቤያለሁ። ሌላ ኮምፒውተር የለኝም፤ የእናቴ ስልክ ባለቁልፍ ነው። ሌላ ቦታ ሌላ ሰርቨር ብተክል እንኳ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል፤ ለሊሴ የምታውቀው ይህንን ብቻ ነው፤ አዲሱን የምነግርበት መንገድ ደግሞ ያው የታሸገው ነው። ወይዘሮ ሰሎሜ ወደ ዲክሲስ እንደተዛወሩ ስሰማ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን መኪና ተሳፍሬ ሄድኩ። ከቢሯቸው ደጃፍ ከጠዋት እስከ ምሳ ቆሜ በመጨረሻ ጉዳዩን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። አንብበው ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ከዚያ «ስክሪኗ ከተገኘች አሰግድ ብቻውን ወረቀቱን ቀዶ መክፈት ይችላል፤ ካልተገኘች ግን ሦስታችንም ተሰልፈን ብንቆም አይከፈትም» አሉኝ። ስክሪኗ የት እንዳለች አልጠየቁኝም። የሚያውቁ ይመስለኛል። ወጥቼ ስሄድ «የኔ ልጅ፣ እኔ እንኳንም ከዚያ ወጣሁ» አሉኝ፤ ለእርስዎ ሰላምታ ይሁን ለእኔ ምክር አልገባኝም።

አቶ አሰግድም ሥራቸውን አላቋረጡም። ጉድለቱን የሚያሳውቁ ሦስት ደብዳቤዎች ለእርስዎ ጽፈዋል። እርስዎም ሦስቱንም ደብዳቤዎች በጠፋው ስክሪን ፊት ተቀምጠው አንብበው «ተገቢው ማጣራት ይደረግ» ብለው እንደመሩባቸው እናቴ አይታለች።

8ኛ. ይህኛው ምስጋና አይደለም፤ ልመና ነው፤ ስለዚህ አጭር ነው።

መስመሩን ይከፍልልን የነበረው ፕሮጀክት አብቅቷል። የተከፈለው እስከ ጳጉሜን 5 ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። እስከዚያ የቀሩት ነሐሴ 23 እና ነሐሴ 30፣ ሁለት ዓርቦች ናቸው። የምለምነው አንዱን ነው። ከአንዱም አንድ ሰዓት ብቻ። ስክሪኑን እኔ እሸከመዋለሁ፤ ክቡርነትዎ ዐሥራ አራት እርምጃ እንዲራመዱ አልጠይቅም። «በሌላ ክፍል ተገኘ» ተብሎ ይጻፍ፤ በማን እንደተወሰደ አይጻፍ። አቶ አሰግድ ወረቀቱን ይቅደዱ። ሶኬቱ ይሰካ። ማሽኑ ራሱ ይነሣል፤ ጨዋታውም ራሱ ይነሣል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሊሴ ከመጣች የከተማውንና የሰውየውን ስም እጽፋለሁ፤ ከዚህ በኋላ በየት እንደምታገኘን እነግራታለሁ። ካልመጣችም በሰዓቱ ወጥቼ እቆልፋለሁ። ከዚያ በኋላ ማሽኑን እስከ ፈለጉበት ዘመን ድረስ አገልግሎት የማይሰጥ ሊሉት ይችላሉ።

እውነቱን ልናገርና፣ ይሆናል ብዬ አይደለም የምጽፈው። እርስዎ ይህን ደብዳቤ ከበሩ ላይ ሲያስገነጥሉት አሁን ሆኜ ይታየኛል። ቢፈቅዱ እንኳ ልጅቷ ሄዳ ይሆናል፤ ታብሌቱም አብሯት ሄዶ ይሆናል፤ ለሊሴም ስሙን ወደማናውቀው ከተማ ተወስዳ ይሆናል። ሰባት ዓርብ አንኳክታ መልስ ያጣች ሰው ስምንተኛውን ታንኳኳለች ብዬ ራሴን ማታለል አልችልም። ምናልባት የረሳናት መስሏት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ በእኛ በኩል በሩ ለምን እንደተዘጋ አታውቅም። አንድ ሰው ስክሪን ስለ ወደደ ነው ብላ ልታስብ አትችልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ሰው አይታሰብም።

ቢሆንም አዴ ፈይሩዛ ዓርብ ዓርብ ዛሬም ይመጣሉ። ድንቻቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው፣ ዝናብም ቢሆን በታሸገው ክፍል ደረጃ ላይ ጥላ ዘርግተው እስከ ዐሥር ሰዓት ይቀመጣሉ። እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ትናንት እርስዎ በአጠገባችን ሲያልፉ «እማማ፣ ዛሬም አለሁ አለሁ ነው?» ብለው ቀለዱባቸው። አዴ ፈይሩዛ አማርኛው በደንብ ስላልገባቸው ሰላም ያሏቸው መስሏቸው ተነሥተው እጅ ነሡዎት። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ትናንት ማታ እቤቴ ገብቼ ነው።

እናቴ ደብዳቤውን አላየችውም። ሰኞ ጠዋት ቢሮዎን ልትወለውል ስትገባ ቁጣዎ በእርሷ ላይ እንዳይወርድ እለምናለሁ፤ እርሷ ያደረገችው ሲታዘዝ መሸከም፣ ሲጠየቅ መደበቅ ነው። ሁለቱንም ያደረገችው ለእርስዎ ነው። ውሏን ካላደሱላት ምክንያቱን የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ግን በትሕትና አስታውሳለሁ።

ክረምቱን በሰላም አሳልፈው አዲሱን ዓመት በጤና እንዲቀበሉ፣ ስክሪንዎም እንዳይደበዝዝብዎ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቆጠራም አንዳች የማይጎድልበት መዝገብ እንዲቀርብልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ የሻይ ብርጭቆዎን አንድ ጊዜ ያጠብኩልዎ፣ በመዋቅሩ የሌለሁ፣ ነገር ግን ዓርብ ከዘጠኝ እስከ ዐሥር ሰዓት በደረጃው ላይ የምገኝ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ሮሐ ገብረ መድህን

ማስታወሻ፦ ይህቺ ለእርስዎ አይደለችም፤ ከመስከረም ጀምሮ የእኛን ቁጥር ለሚረከቡት ለማላውቅዎት ደንበኛ ናት። ጌታዬ ወይም እመቤቴ፣ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሩቅ አገር በርዎን የሚያንኳኳ ነገር እንዳለ ሳጥንዎ ቢነግርዎ ሌባ አይደለም፤ ለሊሴ የምትባል ልጅ ናት። እንዴት መክፈት እንደሚቻል አሰላ መጥተው ቢጠይቁኝ አሳይዎታለሁ፤ እናገራለሁም። ከከፈቱላት የት እንዳለች ይጠይቁልን፤ እናቷ በሕይወት እንዳሉም ይንገሩልን። ይህን ልመና ለማላውቀው ሰው ማቅረቤ ክቡር አቶ እንደሻውን እንዳያስቀይምብኝ፤ የማውቀውን ሰው ሁሉ ጠይቄ ጨርሻለሁ።